ትንሹ ትራክተር ወደ ጓሮ ሲገባ ተራው ለማን ይሁን?

የገበሬው ጓሮ በስፋቱ ትንሽ ቢሆንም ለቤተሰቡ የሚሰጠው ጥቅም ከፍተኛ መሆኑ የታወቀ ነው። ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ ድንቹና ነጭ ሽንኩርቱ፣ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ደግሞ እንሰቱና ቡናው የሚገኘው ከዚሁ ከደጅ ነው። ዋናው ማሳ ሳይደርስና ጎተራው ሲጎድል ቤተሰቡን ደግፎ የሚያቆየው ይህ መሬት ነው። ይሁን እንጂ የእርሻ ወቅት በደረሰ ቁጥር የመጨረሻውን ተራ የሚይዘው ይኸው ጓሮ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሬዎቹ በቅድሚያ የሚሰማሩት ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ወደሚዘራበት ማሳ ነው። ጓሮው የሚታሰበው በሬዎቹ ከደከሙ በኋላ ነው። ሞፈሩ ረጅም በመሆኑም በአጥር፣ በጌሾና በቡና ተክል መካከል ጥማዱን ማዞር አስቸጋሪ ስለሆነ ማዕዘኑና ዳር ዳሩ ለዶማ ይቀራል። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከመሰሉ ጋር መቀናጆ ገብቶ ተራውን ይጠብቃል። ምንም በሬ የሌለው ጉልበቱን ሰጥቶ ወይም ምርቱን አካፍሎ ያሳርሳል። በብዙው የደጋ አካባቢ ሴት እርፍ እንድትይዝ ልማዱ ስለማይፈቅድ ባል የሌላቸው እናቶች ደግሞ የወንድም ወይም የአማች ደጅ መጥናት ግድ ይሆንባቸዋል።

ይህን ችግር ለማቃለል በእጅ እየተመራ የሚሠራው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር በአንዳንድ ቀበሌዎች መታየት ጀምሯል። ሆኖም መሣሪያው መምጣቱ ብቻ መፍትሔ እንደማይሆን ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ ማኅበር ካጋጠመው ሁኔታ መረዳት ይቻላል። በዚያ ማኅበር የእርሻ ተራ የተያዘው ገንዘብ አስቀድሞ በከፈለው ቅደም ተከተል ነበር። አምስት ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት እናት ገንዘቡን ያገኙት ዘግይተው በመሆኑ ተራቸው የደረሰው ዝናቡ ከጠገበ በኋላ ሆነ። መሣሪያው ጭቃ በሆነው ጓሮ ገብቶ አፈሩን ለወሰው። ፀሐይ ሲወጣም መሬቱ እንደ ጡብ ደረቀ። እኚህ እናት የከፈሉበትን መሬት እንደገና በዶማ መከስከስ ግድ ሆነባቸው። ከዚህ የምንማረው ጉድለቱ የሞተሩ ሳይሆን የተራው አያያዝ መሆኑን ነው።

ትራክተር ለማን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ ትልልቅ ትራክተሮች ሲስፋፉ ባለመሬቶች ራሳቸው ማረስ አዋጭ ሆኖ ስላገኙት ብዙ ጭሰኞች ከመሬታቸው ተፈናቅለዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሠረት ጭሰኝነት ከቀረና የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ ግን መሣሪያን ለብዙኃኑ ጥቅም የማዋል ኃላፊነት በአብዛኛው በአካባቢው መሪዎች ላይ ወድቋል። በቅርቡም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛንያና በዚምባብዌ ባካሄደው ፕሮጀክት ባለ ሁለት ጎማው ትራክተር ለአነስተኛ ገበሬዎች እንዲውል ጥረት ተደርጓል። ሐሳቡ እያንዳንዱ ገበሬ መሣሪያውን እንዲገዛ ሳይሆን አንዱ ገዝቶ ለብዙዎች በክፍያ እንዲሠራ ነው።

መሣሪያው ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በናፍታ የሚሠራ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር አለው። ኃይሉ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚተላለፈው በቺንጋ ነው። ከኋላው የሚሽከረከሩ ቢላዎች ሲገጠሙለት አፈሩን እየቆረጠ ያለሰልሳል። እነዚህ ሲፈቱ ደግሞ ተሳቢ ይጎትታል፤ የውሃ መሳቢያ ፓምፕና የበቆሎ መፈልፈያም ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ከእርሻ ወቅት ውጭ ሥራ ፈትቶ መቆም የለበትም።

ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል በሒሳብ እንመልከት። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሜትር የሆነ ጓሮ 500 ካሬ ሜትር ነው። አራት ጥማድ እንደ አንድ ሄክታር በሚቆጠርበት አካባቢ ይህ የአንድ ጥማድ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ቢላዎቹ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖራቸውና በየምልልሱ 10 ሴንቲ ሜትር ቢደራረቡ፣ ጓሮውን ለመጨረስ 40 ጊዜ፣ በጠቅላላው 1,000 ሜትር መሄድ ያስፈልጋል። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ይህ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ለመዞሪያ 10 ደቂቃ፣ ከጓሮ ወደ ጓሮ ለመሄድ 20 ደቂቃ ቢታሰብ ለአንድ ጓሮ አንድ ሰዓት ይሆናል። በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ ስምንት ጓሮ፣ በአምስት ቀን 40 ጓሮ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ መመላለስ የሚሻ መሬት ከሆነ ግን ቁጥሩ በጣም ይቀንሳል። መሪዎች ተራ ሲያወጡ ይህን ሒሳብ ከዝናቡ አመጣጥ ጋር ማገናዘብ አለባቸው።

መሣሪያው ከመግባቱ በፊት አፈሩ መፈተሽ ይኖርበታል። አንድ እፍኝ አፈር ከአንድ ስንዝር ጥልቀት አውጥቶ መጨበጥ ነው። ተጨብጦ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ለእርሻ ደርሷል። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ መቆየት ያስፈልጋል። በተለይ ዋልካ አፈር የሚታረስበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ዋልካ መሬት ያላቸው ጓሮዎች ቀናቸው እንዳያልፍ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻል።

ሰርዶ በበዛበት ጓሮ ቢላዎቹ ሥሩን ቆራርጠው ስለሚበትኑት እያንዳንዱ ቁራጭ እንደገና ይበቅላል። ስለሆነም በበጋ በማረሻ ወይም በዶማ ገልብጦ ሥሩን መልቀም ይቀድማል። የቡና ቀጫጭን ሥሮች ከአፈሩ ገጽ ቅርብ በመሆናቸው ከቡናውና ከእንሰቱ ሥር ርቆ ማረስ፣ የቀረውንም በዶማ መኮትኮት ተገቢ ነው። ተዳፋት ጓሮ ሲሆን ዳገቱን አግድም መከተል እንጂ ወደ ታች ማረስ አይገባም። አፈሩን እንደ ዱቄት ማላምም ለጎርፍ አሳልፎ መስጠት ነው።

ለአደጋ መከላከልም ትኩረት ሊሰጥ ይገባል። ቢላዎቹ እየዞሩ ወደ ኋላ ማስኬድ የነጂውን እግር ለጉዳት ያጋልጣል። በቢላዎቹ ላይ የተጠመጠመ አረም የሚነሳው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ነጂውን የሚያሳስት ነገር አለ። በሜዳ ላይ የግራ መሪ ፍሪሲዮን ሲጨበጥ ወደ ግራ የሚዞረው መሣሪያ፣ ቁልቁል ሲወርድ ግን ወደ ቀኝ ሊዞር ይችላል። ምክንያቱም የተለቀቀው ጎማ በፍጥነት ሲንከባለል ሌላውን ሞተሩ ስለሚይዘው ነው። ይህን ያልተማረ ሰው መሪውን መጨበጥ የለበትም። ሕፃናትም ከጓሮው መራቅ አለባቸው።

የሒሳብ አያያዙን በተመለከተ፣ ክፍያው በሰዓት ሳይሆን በመሬቱ ስፋት ቢሆን ይመረጣል። ጓሮው በገመድ ተለክቶ ዋጋው አስቀድሞ ከታወቀ ነጂው በመዘግየቱ ገበሬው አይጎዳም። ከክፍያው ለናፍታና ለነጂው ከሚወጣው ሌላ ለዘይት፣ ለቺንጋ፣ ለቢላና ለሞተር ጥገና በየዕለቱ የሚቀመጥ ገንዘብ ሊኖር ይገባል። ይህ ካልተደረገ መሣሪያው በመጀመሪያው ብልሽት ከዛፍ ሥር ቆሞ ይቀራል። ጠዋት ጠዋት ዘይቱንና የራዲያተሩን ውሃ ማየት፣ ናፍታውን አጥልሎ መጨመር፣ የሠራበትንም ሰዓት በመዝገብ መጻፍ ከነጂው የሚጠበቅ ነው።

ከላይ የተጠቀሰው ማኅበር በሚቀጥለው ዓመት አሠራሩን ለውጧል። ጓሮዎቹ በጎጥ ተመድበው መሣሪያው ከአንዱ ጎጥ ሳይጨርስ ወደ ሌላው እንዳይሄድ ተደረገ። በየጎጡ ቅድሚያው በሬ ለሌላቸው፣ ከእነሱም መካከል ለአቅመ ደካሞችና ቤተሰብ በብቸኝነት ለሚያስተዳድሩ እናቶች ተሰጠ። ገንዘብ ያልያዙት በምስክር ፊርማ ተመዝግበው ሰብል ሲደርስ እንዲከፍሉ ተወሰነ። እኚያ እናትም በዚያ ዓመት ጎመናቸውንና ድንቻቸውን የተከሉት ከጎረቤቶቻቸው እኩል ነው።

ባለ ሁለት በሬው ገበሬ መሣሪያው ቢዘገይበት ጥማዱ አለለት። በሬ የሌለው ግን ቀኑ ካለፈበት የሚተካለት የለም። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች መሣሪያውን ከመግዛታቸው ወይም ከመከራየታቸው በፊት ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተው የተራውን ደንብ ማጽደቅና ዝርዝሩን ሁሉም በሚያየው ስፍራ መለጠፍ ይጠበቅባቸዋል። የራሳቸውንም ጓሮ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ እንዳያሰፍሩ አደራ እንላለን።