የፊልውሃ ዘምባባ እንደ ባህር ዛፍ አይደለም

«ቢቆረጥስ፣ መልሶ ያቆጠቁጥ የለ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ይደርሰኛል። እንደ ደን ባለሙያ መልሴ አጭር ነው፦ የተቀላው ግንድ አያቆጠቁጥም።

ባህር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ፊልውሃ ያለው ዘምባባ ግን የሚያድገው በየቅርንጫፉ ጫፍ ካለችው አንዲት እምቡጥ ነው። እሷ ለመጠጥ ከተበሳች ወይም ከለጋው ቅጠል ጋር ከተቆረጠች ያ ቅርንጫፍ አበቃለት።

የአፋር እናቶች ከቅጠሉ ሰሌንና ቅርጫት ይሠራሉ፤ ይህ ገቢ መቅረት የለበትም። እምቡጧን ሳይነኩ፣ ከአንድ ዛፍ ጥቂት ቅጠል ብቻ መውሰድ ይቻላል።

«ፍሬ የማይሰጠው ይቆረጥ» የምትሉም አላችሁ። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው፤ ወንዱ ካለቀ ሴቷም አታፈራም። የፍሬውን ቡናማ ጣፋጭ ልጣጭ የሚግጡት የሀማድሪያስ ዝንጀሮዎችም ይራባሉ።

ደርቀው የተንጠለጠሉትን ቅጠሎች እባካችሁ አታቃጥሉ። ጭራዋ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ አንዲት ትንሽ ወፍ ላባ በምራቋ ከቅጠሉ ላይ ለጥፋ ጎጆ ትሠራለች፤ እንቁላሏንም እዚያው ታጣብቀዋለች።

ችግኙን ከፍየል ስለመጠበቅ በሚቀጥለው እጽፋለሁ። በአካባቢያችሁ ዘምባባ ካለ ማን፣ ምኑን እንደሚቆርጥ ጻፉልኝ፤ ጥያቄም ካላችሁ እመልሳለሁ።