አያቴ የቆቃ ዓሣ ለምን አትበላም?

እናንተዬ፣ በቤታችሁ «የአሮጊት ወግ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ታሪክ የለም? በኛ ቤት ነበር።

እኔና ጓደኞቼ እሁድ ሲሆን መኪና ተከራይተን ቆቃ መውረድ እናዘወትራለን። ነፋሻ አየር፣ ዓሣ ጥብስ በዳጣ፣ ጨዋታ... ማታ ለቤተሰብ ዓሣ ገዝቼ እመለሳለሁ። ሴት አያቴ ግን አንድም ቀን ቀምሳልኝ አታውቅም። «የኔ ሰዎች የተኙበትን ውኃ ዓሣ አልበላም» ትላለች። ዓሣ አትወድም እንዳይባል የዝዋይ ሲሆን አጥንቱን ግጣ ነው የምትበላው! እኛም «እማማ ደግሞ!» ብለን ስቀን እናልፋለን።

ለካስ የሚሳቀውስ በኛ ነበር። የቆቃ ሐይቅ እግዜር የፈጠረው ሐይቅ አይደለም። ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ አዋሽ ተገድቦ፣ ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተኛ ውኃ ነው። ከዚያ በፊት እዚያ ሜዳ ላይ ሰው ይኖር ነበር፤ ያርሳል፣ ከብት ያግዳል፣ ይድራል፣ ይቀብራል። እማማ ከዚያ ስትነሣ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች።

ይህ ሁሉ የገባኝ አንድ ካርታ የሚያውቅ ጓደኛዬ ጣልያኖች በወረራው ዘመን የሠሩትን ባለ 1፡400,000 ካርታ ኮፒ ያሳየኝ ቀን ነው። ሐይቁን ብፈልግ የለም! አዋሽ ብቻውን እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ዳር ዳሩን ቀጫጭን መንገድ፣ እዚህም እዚያም የመንደር ስም ተጽፏል።

ኮፒውን ይዤ እቤት ሄድኩና ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቡና የያዘ እጇ ቆመ።

«እሱ እንዲያ አይባልም! ማነው እንዲህ አጣሞ የጻፈው?» ብላ አረመችኝ። ከዚያማ ማን ያስቁማት? ወንዙን የሚሻገሩበት ቦታ፣ ገበያው የሚውልበት ቀን፣ የጎረቤቶቿ ስም፣ እናቷ የተቀበረችበት ዛፍ ሥር... እኔ በዚህ ዕድሜዬ የአያቴን እናት ስም የሰማሁት ያን ምሽት ነው። አፈርኩ።

እናንተም የወላጆቻችሁን አገር በካርታ ልትፈልጉ ካሰባችሁ እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ፤ ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ ስኬሉን እዩ። በ1፡400,000 ካርታ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 4 ኪሎ ሜትር ነው። በ1፡250,000 ደግሞ 2 ኪሎ ተኩል። ቀጥሎ በአሮጌውም በአዲሱም ካርታ ላይ ያለ፣ ቦታውን የማይለቅ ምልክት ምረጡ። እኔ የዝቋላን ተራራና የሞጆን ባቡር ጣቢያ ያዝኩ። የእማማ መንደር በአሮጌው ካርታ ከሞጆ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከዝቋላ 7 ተኩል ወጣ፤ ማለትም 20 እና 30 ኪሎ ሜትር። በአዲሱ የ1፡250,000 ካርታ ይህ 8 እና 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ክር በዚያው ልክ ቆርጬ ከሁለቱ ምልክቶች ሳብኩ። ጫፎቹ የተገናኙት የት መሰላችሁ? ሰማያዊው ውኃ መሐል!

ከፍታ የሚያሳዩትን መስመሮችም አትለፏቸው። ተጠጋግተው ከታዩ ገደል ነው፤ ከተራራቁ ሜዳ። ቆቃ ላይ ውኃው ያን ያህል የተንጣለለው መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ነው።

ግን ጠንቀቅ በሉ። ካርታ ሁሉን አያውቅም። የወራሪ ጦር ካርታ የሚሠራው ለመንገዱና ለውኃው ነው፤ የናንተ አያት ጎጆ ካልተጻፈ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ስሞቹም ፈረንጅ እንደሰማው የተጻፉ ናቸውና ጮክ ብላችሁ ለሽማግሌ አንብቡ። ደግሞ «ይኸው ማስረጃዬ» ብላችሁ መሬት ልትጠይቁበት እንዳታስቡ፤ የይዞታ ወረቀት አይደለም። የአገራችንን ካርታ የሚሠራው የቀድሞው የካርታ ሥራ ድርጅት ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው፤ ከዚያ መጠየቅ ነው። የጥንቶቹ አንዳንዶቹ በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ስካን ተደርገው ይገኛሉ።

ባለፈው እሁድ እማማን ቆቃ ወሰድኳት። ዳር ላይ ቆማ ዝቋላን ፈለገች፣ አገኘችው። ከዚያ ወደ ውኃው ዞራ በጣቷ «እዚያ ጋ» አለችኝ፤ ክሬ ካሳየኝ ብዙም አልራቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ ጥቂት ቆየችና «በል እንሂድ ልጄ፣ ዓሣህን ግን ብላ፤ አንተን ማን ከለከለህ?» አለችኝ። እኔም አልበላሁም።

ወገኖቼ፣ ካርታው የትም አይሄድም፣ ይጠብቃችኋል። አያቶቻችሁ ግን አይጠብቋችሁም። ዛሬውኑ ጠይቋቸው።

ቸር ይግጠመን።