«ወንድ ደግሞ ጡት አለው እንዴ?»

ስለ ጡት ካንሰር ትምህርት ሊሰጥ ነው ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲነገር እናቶችና እህቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ወንዶቹ ሻይ ቤቱ ጥላ ሥር ዳማቸውን ቀጠሉ። «እናንተስ?» ብንላቸው «ወንድ ደግሞ ጡት አለው እንዴ?» ብለው ሳቁብን።

አለው እንጂ። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንደምናስተምረው፣ እስከ ጉርምስና ድረስ የወንድና የሴት ልጅ ጡት አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ በኋላ የሴቷ ያድጋል፣ የወንዱ ባለበት ይቀራል፤ ይቀራል እንጂ አይጠፋም። የጥንት አባቶቻችንስ «የጡት አባት» ይባሉ የለ? ካንሰር በዚያችው ትንሽ ሥጋ ውስጥ ሊነሳ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ በምዕራብ አገሮች ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ወንዱ አንድ ቢሆን ነው። መዘዙም ከዚሁ ይመጣል። ታማሚውም ሐኪሙም ስለማይጠረጥሩት ጊዜው ዝም ብሎ ይነጉዳል።

በሽታውን አይተውት በአደባባይ የተናገሩ ሰዎች አሉ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በሕዝብ ድምፅ የአሜሪካ ሴኔት አባል ለመሆን የመጀመሪያው ጥቁር የነበሩት ኤድዋርድ ብሩክ በ2002 በ82 ዓመታቸው ታመሙ። ሁለቱም ጡቶቻቸው በቀዶ ሕክምና ወጡ፤ በ2003 ሌሎች ወንዶች ራሳቸውን እንዲያዩ ብለው ለሕዝብ ተናገሩ። ያረፉት በ2015 በ95 ዓመታቸው ነው። «ሻፍት» በተባለው ፊልም ኮስታራ ጀግና ሆኖ የምናውቀው ሪቻርድ ራውንድትሪ ደግሞ በ1993 ታሞ፣ ሕክምናውን እየወሰደ ለዓመታት ደበቀው። እሱም ቢሆን ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ኖሮ በ2023 በሌላ ካንሰር አረፈ። የዘፋኟ የቢዮንሴ አባት ማቲው ኖልስ በ2019 የነቃው ካናቴራው ላይ በተደጋጋሚ ባያት የደም ጠብታ ነው። ባለቤቱም አንሶላው ላይ ደም አይታ ነበር። በምርመራ ከወላጅ የሚወረስ «ቢ.አር.ሲ.ኤ. 2» የሚባል የዘር ለውጥ ተገኘበት። ይህ ለውጥ ያለበት አባት ለወንድም ለሴትም ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ስለዚህ የአባት እብጠት የሴት ልጆቹም ጉዳይ ነው። ጤና ጣቢያ «በቤተሰብ የታመመ አለ?» ስትባሉ የእናትን ወገን ብቻ አትቁጠሩ።

ሕመሙን የቀመሱ ወንዶች ብዙውን ጊዜ የሚያነሱት ብቸኝነቱን ነው። ተራ የሚጠብቁት በሴቶች መሀል ነው፤ ቅጹ ላይ ስለ ወር አበባና ስለ እርግዝና ይጠየቃሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደረት ላይ ጠባሳ ይቀራል፣ የጡት ጫፍም ላይኖር ይችላል። እዚህ በኛ ሙቀት ሸሚዝ አውልቆ ቧንቧ ሥር መታጠብ ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙዎቹ «ታሞክሲፈን» የሚባል እንክብል ቢያንስ ለ5 ዓመት ይወስዳሉ። መድኃኒቱ እንደሚያርጡ ሴቶች የሰውነት ወላፈን ያመጣል፣ የግብረ ሥጋ ፍላጎትንም ሊቀንስ ይችላል። አንዳንዱ ይህን ለማንም ሳይናገር መድኃኒቱን ይተወዋል። ለሐኪሙ መንገር እኮ ይሻላል፣ መላ ሊፈልግለት ይችላል።

ምልክቱ ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ከጡት ጫፍ ሥር ወይም አጠገቡ የማያም ጠጣር እብጠት ነው። የማያም መሆኑ ያዘናጋል። የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ደም ወይም ፈሳሽ መውጣት፣ የማይድን ቁስል፣ ብብት ሥር እብጠትም አለ። በአብዛኛው የሚይዘው ከ60 ዓመት በላይ ያሉትን ቢሆንም ወጣትም ይታመማል። ጉበቱ በመጠጥ ወይም በሌላ ሕመም የተጎዳ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ወላጆች ግን ልጆቹን አታስደንግጡብን! በ13 እና በ14 ዓመት የብዙ ወንዶች ጡት ትንሽ ያብጣል፤ የጉርምስና ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ክፍል ውስጥ በዚህ የሚቀልዱትን እኛ መምህራን እንገሥጻለን፣ እናንተም ቤት ውስጥ አግዙን።

አሁን ወደ ካምፓችን ነገር እንግባ። ወንዶቹን ክሊኒክ ከመሄድ የሚያስቀራቸው አንዱ አስተርጓሚው ነው። የኛው ጎረቤት ነዋ! «ነገ ቡና ላይ ይወራብኛል» ይላሉ። አስተርጓሚ የሰው ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ካላመናችሁት ሌላ እንዲተካ፣ ወይም ወንድ እንዲሆን ጠይቁ። ጨርሶ ካፈራችሁ ሸሚዙን ከፍታችሁ በጣት ማሳየትም ይበቃል።

ለስደተኛ መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ የባሰ ነው። ለትልቅ ሆስፒታል የሚጻፈው ሪፈራል ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ውሱን ነው። በዮርዳኖስ ከ2010 እስከ 2012 ስደተኞች ለካንሰር ሕክምና ያቀረቧቸው 511 ማመልከቻዎች በዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ኮሚቴ ታይተው የተፈቀዱት 246 ብቻ ነበሩ። ከተከለከሉበት ዋና ምክንያቶች አንዱ «የመዳን ተስፋው አነስተኛ ነው» የሚል ነው። ገና ትንሽ እያለ የታየ እብጠትና ቆስሎ የመጣ እብጠት በኮሚቴ ፊት እኩል አይደሉም። አንድ ወንድ አፍሮ የሚቆይባቸው ወራት በዚህ ውሳኔ ላይ ይመጡበታል።

እብጠት ያገኛችሁ ወንዶች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያችሁበትን ቀን ጻፉ። ቅባት ወይም የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷችሁ እብጠቱ ካልጠፋ ተመለሱና ናሙና እንዲወሰድ ጠይቁ፤ ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው በናሙና ምርመራ ነው። ውጤቱ ሲመጣ ቅጂውን ከራሽን ካርዳችሁ ጋር በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ወደ ሌላ ካምፕ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር ብትሄዱ የሚቀጥለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ወረቀት ነው።