አንድ ማድ ቤት፣ ሁለት ጾም



ይህን ጽሑፍ የምታነቡ አብዛኞቻችሁ የ55 ቀኑን ጾም ፈጽማችሁ የምትፈስኩት በገዛ ማድ ቤታችሁ፣ በገዛ ድስታችሁ ነው። ነገር ግን ምእመናን ሁሉ የራሳቸው ማድ ቤት የላቸውም። በነጌሌ ቦረና፣ ከዚያም አልፎ በሞያሌና በዶሎ አዶ፣ ከደጋ የተመደበው መምህር፣ ነርስ፣ ወታደርና ነጋዴ አንዲት ክፍል ተከራይቶ በሰው ግቢ ይኖራል። ግቢው አንድ፣ ማድ ቤቱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ባለቤቱም በአብዛኛው ሙስሊም ነው። እንዲህ ያለው ተከራይ ጾሙን እንደ ሥርዓቱ እየጠበቀ ከአከራዩ ጋር በፍቅር የሚኖረው እንዴት ነው?

አስቀድመን የምንጠብቀው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። አይሁድ «ኮሸር» በሚሉት ሥርዓታቸው፣ ጠቦትን በእናቱ ወተት ስለ መቀቀል በኦሪት ዘጸአት የተሰጠውን ትእዛዝ መሠረት አድርገው፣ ሥጋንና ወተትን ዘወትር ይለያሉ፤ የሥጋው ድስትና የወተቱ ድስት የተለያዩ ናቸው። የእኛ ቤት ግን በፍስክ ቀን ክትፎውንና አይቡን በአንድ ገበታ ያቀርባል። በጾም ቀን ደግሞ ሥጋውም ወተቱም ቅቤውም በአንድነት ይቀራሉ። እንግዲህ የእኛ መለያ በዋናነት ዕለቱ ነው። የሀገራችን እናት በማድ ቤቷ ከሁሉ በፊት የምትጠብቀው ባሕረ ሐሳብን ነው ማለት ይቻላል።

በኪራይ ቤት ያለው ችግርም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ በአንድ ግቢ ሁለት የዘመን አቈጣጠር ይገናኛሉና። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰኞ መግባታቸውን እናስታውሳለን። አንዱ ቤት ቀኑን ሙሉ እህልም ውሃም ሳይቀምስ ውሎ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በሥጋ ሾርባ ያፈጥራል። ሌላው እስከተወሰነው ሰዓት ጾሞ ሽሮውን በዘይት ይሠራል፤ ሌሊቱም ቢሆን ሥጋ አይፈቅድለትም። ምሽት ላይ ሁለቱ እመቤቶች በአንድ ምድጃ ፊት ይቆማሉ። ማማሰያው ቢሳሳት የአንዷ ጾም ይፈርሳል፤ አንደበት ቢሳሳት ደግሞ የሁለቱም ጉርብትና ይፈርሳል።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። ከዓመታት በፊት በነጌሌ በአገልግሎት ላይ ሳለሁ የተከራየሁት ከአንዲት አረጋዊት ሙስሊም እናት ነበር። በገባሁ በሁለተኛው ቀን፣ ረቡዕ ዕለት፣ በጣባ ቡና ቀላ ይዘውልኝ መጡ። ቡና ቀላ ማለት የቡናው ፍሬ እንዳለ በቅቤ ተቈልቶ ከወተት ጋር የሚቀርብ፣ በቦረናና በጉጂ እንግዳ የሚከበርበት ምግብ ነው። እኔም ከኮሌጅ ከወጣሁ ብዙ አልቈየሁም ነበርና፣ ምክንያቱን ሳልናገር «አልበላም» ብዬ ጣባውን መለስኩ። ዝም ብለው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ ቃል አልነበረንም። የተጠየፍኩት እጃቸውን መስሏቸው እንደ ነበር የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ረቡዕንና ዓርብን ለምን እንደምንጾምም አስረዳኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ጾም ነው ብትለኝ ኖሮ ምን አስከፋኝ? እኔስ ጾም አላውቅም?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በእነዚያ ቀናት ለእኔ ቅቤ ያልነካው ቡና በጀበና ይፈላ ነበር።

ከዚህ የተማርኩትን ለተከራይ ቤተሰቦች ላካፍል። የጾም ቀናትን ነገር በመጀመሪያው ዕለት፣ ኪራዩ ሲነገር አብሮ መናገር መልካም ነው። ድስት፣ ማማሰያ፣ ቢላዋና መክተፊያ የራስ ቢሆኑ ይመረጣል። ይህ ግን ቅባት እንዳይቀላቀል እንጂ የጎረቤት እጅ ርኩስ ስለ ሆነ አይደለም። ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣው ክፋት እንደ ሆነ ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 አስተምሯል። የጋራ የሆነው ዕቃ በአመድና በፈላ ውሃ ሲታጠብ ይነጻል፤ በክፉ ቃል የቈሰለ ልብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠራም።

በቆላው ከተማ ወተት ሲቀርብ የላም ወይም የግመል መሆኑን በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም። ግመል በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት ጋር ስለ ተቈጠረ የእኛ ምእመናን አይበሉትም፤ ወተቱንም አይጠጡም። ሆኖም ዐፄ ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ ከአሳማ ሥጋ መከልከላችን እንደ አይሁድ ሕግ እንዳልሆነ፣ የሚበላውን እንደማንነቅፍ፣ የማይበላውንም እንደማናስገድድ አስረድተዋል። ይህ የንጉሥ ቃል ለኪራይ ቤት ማድ ቤትም ይበቃል።

ስለ ዕርድም እንዲሁ ነው። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም፣ ሙስሊሙ በአላህ ስም ባርኮ ያርዳል፤ አንዱ የሌላውን አይበላም። ስለዚህ በበዓል ቀን ጎረቤትን «ቅመሱ» ብሎ ማስጨነቅ፣ ይልቁንም ሳያውቅ ማብላት፣ ታላቅ በደል ነው። አቅም ያለው ፍየሉን ወይም በጉን ከነነፍሱ ይስጥ፤ እነርሱ በእጃቸው አርደው በድስታቸው ይሥሩት። ይህም በብዙ የሀገራችን ክፍል የቈየ ደግ ልማድ ነው። አቅም የሌለው ዳቦውንና ቡናውን ያቅርብ።

በዚያው ዓመት በትንሣኤ ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከምእመናን ቤት የተላከልኝን ዶሮ ወጥ ልበላ ስቀመጥ አከራዬ በበሩ ብቅ አሉ። ደንግጠውም «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፤ ረሳኸው እንዴ?» አሉኝ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾሙ ያን ጊዜ ነገርኳቸው። እጄን መልሼባቸው የነበሩት እናት፣ እኔ ሳላውቀው ጾሜን ይጠብቁልኝ ነበር።

መልካም የትንሣኤ በዓል!