ዐይኑ ዐ ትርፍ ፊደል ነውን?

አማርኛ ተናጋሪ «ዐ»ን ከ«አ» በጆሮው ሊለይ አይችልም። ፊደል አስቆጣሪው መምህርም አንዱን «አልፋው አ»፣ ሌላውን «ዐይኑ ዐ» እያለ በስም የሚለያቸው ድምፃቸው ስለማይለያቸው ነው። ከዚህ ተነስተው ብዙዎች «ዐ»ን ከሞክሼ ፊደላት መድበው ቢወጣ ጉዳት የለውም ይላሉ። ክርክራቸው የቆመው ፊደል ሥራው ድምፅ ማሳየት ብቻ ነው በሚል እምነት ላይ ነው። የዚህ ፊደል ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ ድምፁ ከሰው አፍ ከጠፋም በኋላ በቋንቋው ውስጥ የሠራው ሥራ አይፈርስም፤ ያንን ሥራ የሚያሳየው ደግሞ ጽሑፉ ነው።

ከልደቱ እንነሳ። በ1905 እ.ኤ.አ. ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባለው እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት በሲና ምድረ በዳ፣ ሰራቢት ኧል ካዲም በተባለው የጥንት ግብፃውያን የከበረ ድንጋይ ማውጫ አጠገብ፣ የግብፅን ሥዕላዊ ጽሕፈት የሚመስሉ ግን እንደ ግብፅ የማይነበቡ ጽሑፎች አገኘ። በ1916 የጥንት ግብፅ ጥናት ሊቁ አለን ጋርዲነር አንድ እየተደጋገመ የሚመጣ የምልክቶች ተርታ አስተዋለ፤ ቤት፣ ዐይን፣ የከብት መንጃ በትር፣ መስቀል። እያንዳንዱን ምልክት በሴማዊ ስሙ የመጀመሪያ ድምፅ ሲያነበው «በ-ዐ-ለ-ት» ሆነለት፤ እመቤት ማለት ነው፣ በዚያ ቤተ መቅደስ ትመለክ የነበረችው የሐቶር መጠሪያ። ዐይን የተሳለው ዐይን ለማለት ሳይሆን ስሙ የሚጀምርበትን፣ ከጉሮሮ ጥበት የሚወጣውን ድምፅ ለማመልከት ነው። ፊንቄያውያን ሥዕሉን ወደ ክብ አቀለሉት። ግሪኮች ድምፁ በቋንቋቸው ስላልነበረ ክቡን ለአናባቢ «ኦ» አዋሉት፤ የላቲኑ «ኦ» የመጣው ከዚያ ነው። በደቡብ ዐረብ ጽሕፈትም ክቡ ክብ ሆኖ ቀረ፣ ወደ ግዕዝም እንደዚያው ገባ። የዕብራይስጡና የዐረብኛው አቻዎች ቅርጻቸው ርቆ ሄዷል፤ ከሦስቱ የጥንቱን ክብነት ይዞ ዛሬም በየጋዜጣው የሚታተመው የእኛው ነው። በግዕዙ «ሀለሐመ» ተርታም ሆነ በዕብራይስጡ ተርታ 16ኛ ሆኖ መገኘቱ ግን አጋጣሚ ነው፤ ሁለቱ ቅደም ተከተሎች የተለያዩ ናቸው።

ድምፁን የጣለው አማርኛ ብቻ አይደለም። የመስጴጦምያው አካድኛ ገና በጥንት ጥሎታል፤ ግን ሲጥለው አጠገቡ የነበረውን አናባቢ ቀይሮ ነው፤ ሌሎቹ «በዐል» የሚሉትን ጌታ አካድኛ «ቤል» ያለው ለዚህ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ ተልሙድ የቤት ሻን፣ የሐይፋና የቲብዖን ሰዎች ጸሎት እንዳይመሩ የሚከለክል ቃል ይዟል፤ ምክንያቱም «አ»ን «ዐ»፣ «ዐ»ን «አ» አድርገው ስለሚያነቡ ነው። ዛሬ በእስራኤል አብዛኛው ተናጋሪ ይህንኑ ያደርጋል፤ ፊደሉን ግን ማንም ከአጻጻፉ አላወጣውም። በሌላ ወገን የ8ኛው መቶ ዓመት የባስራ ሊቅ አል-ኸሊል ድምፁን ከሁሉ ጥልቅ ቆጥሮ የመጀመሪያውን የዐረብኛ መዝገበ ቃላት በእርሱ ጀመረ፤ መጽሐፉም «ኪታብ አል-ዐይን» ተባለ። በእኛ አካባቢ ትግርኛና ትግረ ድምፁን እንደ ያዙ ናቸው።

አማርኛስ ምን አደረገ? ግዕዝ «ሰምዐ» እና «በልዐ» የሚለውን አማርኛ «ሰማ» እና «በላ» ይላል። እነ «ነገረ» ሦስት ተነባቢ ይዘው ሲቀሩ እነዚህ ሁለት ብቻ የቀራቸው ሦስተኛው ስለወደቀ ነው፤ በወደቀበት ቦታ አናባቢው «አ» ሆነ፣ በ«መስማት» እና «መብላት» ጫፍም «መንገር» የማያውቀው «ት» መጣ። የአልፋው አ ግሦችም እንዲሁ ሆነዋል፤ «ገብአ» ዛሬ «ገባ» ነው። ስለዚህ በአፍ «ሰማ» እና «ገባ» አንድ ዓይነት ግሦች ናቸው። ዘመዶቻቸውን ስንጽፍ ግን «ሰማዕት» በዐይኑ፣ «ጉባኤ» በአልፋው ይመጣሉ፤ ሁለቱ ግሦች ከተለያየ ቦታ መምጣታቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። «ባል»፣ «ባለቤት»፣ «ባለሙያ» የምንለውም በሲና ድንጋይ ላይ ከተገኘው ሥር የበቀለ ነው፤ የ«ባ» አናባቢ የወደቀው ዐይን ቦታ ነው። ከዚህ በላይ የዕለት ተዕለት ምሳሌ ካስፈለገ «ዓመተ ምሕረት» እና «አመተ ማርያም» አሉ። አንዱ ዘመን ነው፣ ሌላው የማርያም አገልጋይ ማለት የሆነ የክርስትና ስም፤ ሲነገሩ የሁለቱ የመጀመሪያ ቃል አንድ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያፈርስ የሚመስለው ጠንካራው ተቃውሞ የራሳችን ብራና ነው። የግዕዝ ጸሐፊዎች እንኳ ሁለቱን ፊደላት ሲያቀላቅሉ ኖረዋል፤ ታዲያ ካህኑ ያልጠበቀውን ተማሪው ለምን ይጠብቅ? መቀላቀሉ እውነት ነው። ነገር ግን ድምፁ በአክሱም ዘመን ሕያው ነበር፤ በ4ኛው መቶ ዓመት ጽሑፎች የንጉሡ የዔዛና ስም ራሱ የሚጀምረው በዐይኑ ዐ ነው። ኋላ የመጣው ስሕተት የቀደመውን ልዩነት አይሽርም፤ ብራናው ሲያወላውል ምስክር የሚሆኑ ሕያው ቋንቋዎችም አሉ። «ዓለም» በየትኛው እንደሚጻፍ የተጠራጠረ ትግርኛውን ቢያዳምጥ፣ ዐረብኛውንና ዕብራይስጡን ቢያይ፣ ሦስቱም ዐይን ይሉታል። የልጆች ሸክም ነው የሚለው ክርክር ግን ግማሹ ትክክል ነው። ከ«ዐ» እስከ «ዖ» ያሉትን ሰባት ቅርጾች መለየት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚይዝ ማወቅ ነው። ግዕዝ ያልተማረን ልጅ «አይን» ብለህ ጻፍክ ብሎ ማርክ መቀነስ፣ በእኔ እይታ፣ ፊደሉን ማስጠላት ነው። መዝገበ ቃላትና የታረመ መጽሐፍ ይጠብቁት፤ ደብዳቤ ጸሐፊው እንደ ልማዱ ይጻፍ።

የቀረው የኮምፒዩተር ነገር ነው። «አለም» ብሎ የፈለገ ሰው «ዓለም» ተብሎ የተጻፈውን ያጣል፣ ስለዚህ አንዱን እንምረጥ ይባላል። ችግሩ እውነተኛ ነው፣ መፍትሔው ግን በፍለጋው በኩል ነው፤ ዐረብኛ ሃምዛ ያለውንና የሌለውን አሊፍ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እየቆጠረ ጽሑፉን ሳይነካ ይሠራል። ጽሑፉ ራሱ ከተነካ፣ እያንዳንዱ «ዐ» ወደ «አ» ከተለወጠ በኋላ፣ የቱ «አ» ዐይኑ ዐ እንደ ነበረ ከገጹ ላይ ብቻ መልሶ ማወቅ አይቻልም።