በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የአሠሪው ግዴታና የጤና ባለሙያው መዝገብ

በካፋ ዞን፣ በጨና ወረዳ፣ በዋጫ ከተማና በአካባቢዋ ቡና ዋነኛ መተዳደሪያ ነው። በገጀራ መቆረጥ፣ ከዛፍ ላይ መውደቅና በእባብ መነደፍ ከዚህ ሥራ ጋር አብረው የሚመጡ ጉዳቶች ናቸው። ጉዳቱ የደረሰበት ሰው ተቀጣሪ ከሆነ የሕክምና ወጪውን መሸፈን ያለበት አሠሪው ነው። ይህ መብት በተግባር መዋሉ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው በሕክምና ካርዱ ላይ በተጻፈው ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አዋጅ ቁጥር 377/1996ን የተካው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ የመስጠት፣ ተጎጂውን በአቅራቢያው ወደሚገኝ የሕክምና ተቋም የማድረስ፣ እንዲሁም የጠቅላላና የልዩ ሕክምና፣ የቀዶ ሕክምና፣ የመድኃኒትና የሰው ሠራሽ አካል ወጪን የመሸፈን ግዴታ አለበት። ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ተጎጂ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። አሠሪው ባቀረበው መጓጓዣ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ የተጎዳ ሠራተኛም በዚሁ ይታያል።

በወባ ወይም በሳንባ ምች ለታመመ ሠራተኛ ግን ሕጉ የሚሰጠው የሕመም ፈቃድን ነው፤ ለ1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለ2 ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ ለ3 ወራት ያለ ክፍያ። የሕክምናው ወጪ በዚህ ውስጥ አይካተትም። ክፍተቱን ለመሙላት የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶ፣ በደንብ ቁጥር 271/2005 ሠራተኛውና አሠሪው በየበኩላቸው 3 በመቶ እንዲያዋጡ ቢወሰንም አፈጻጸሙ ተደጋግሞ ተራዝሟል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ የታቀደው በዋናነት ከመደበኛው ቅጥር ውጭ ላሉ ቤተሰቦች ነው።

አነስተኛ አሠሪ ምን ማድረግ ይችላል?

ወጪው ቀላል የሆነው አማራጭ በአቅራቢያ ካለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ጋር የዱቤ ሕክምና ውል መግባት ነው። ሠራተኛው የአሠሪውን ደብዳቤ ይዞ ይታከማል፤ ተቋሙም ሒሳቡን በየጊዜው ለአሠሪው ይልካል። በውሉ ለተራ ሕመም የወጪ ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ግን የውል ጣሪያ የሕጉን ግዴታ አይቀንሰውም።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

«እጁ ተቆርጧል» ብቻ የሚል ካርድ ለተጎጂው አይጠቅመውም። ጉዳቱ የደረሰበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ ሲሠራው የነበረው ሥራ፣ የአሠሪው ስምና ተጎጂው ተቋሙ የደረሰበት ሰዓት መመዝገብ አለባቸው። ከዋጫ ቦንጋ ወደሚገኘው ገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል የሚላክ ታካሚ ይኸው ታሪክ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሊሰፍርለት ይገባል።

ሠራተኛው ሰውነቱን ወይም አእምሮውን መቆጣጠር እስኪሳነው ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘቱ አሠሪውን ከኃላፊነት ነፃ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ የጠጅ ሽታን ብቻ ይዞ «ሰክሯል» ብሎ መጻፍ ተገቢ አይደለም፤ የንቃተ ኅሊናው ደረጃ፣ አነጋገሩና አረማመዱ ተመርምረው እንደታዩ ይጻፉ። ለጊዜያዊ ለቃሚ፣ ከወራት በኋላ ክርክር ቢነሣ፣ ከዚህ ካርድ ሌላ ማስረጃ ላይኖረው ይችላል።