ኬኩ ሁለተኛ ፈረቃ እንዳይሆን

በረመዳን የአዳማ ማጀቶች ከዐስር ሶላት በኋላ ፋታ የላቸውም። ሳምቡሳው ይጠቀለላል፤ ሾርባው ይንተከተካል፤ ተምሩ በሰሐን ይደረደራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በብዙ ቤቶች አንድ ሥራ ተጨምሯል፤ ኬክ ማስዋብ። በስልኳ ያየችውን የክሬም ጽጌረዳ በእጄ ካልሠራሁ የምትል ልጅ፣ እህት ወይም ምራት በየቤተ ዘመዱ አትጠፋም። ዒድ አል ፈጥር ሲቃረብ የሁሉም ዓይን ወደ እሷ ይዞራል። “ዘንድሮስ ምን ዓይነት ኬክ ልታበይን ነው?” ይባላል።

ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ነው። ከፍቅር የመነጨ ጥያቄም ግን ሲደጋገም ሸክም ይሆናል። ዛሬ ስለ ኬኩ ብልሽትና ስለ መላው እናነሳለን፤ ቤተሰብስ ከዚህች ባለሙያ ምን ያህል ሊጠብቅ ይገባል የሚለውንም እንመለከታለን።

ኮታው ቤት ሲገባ

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዋናነት ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት የተሠራ ነው። በአልባሳት ፋብሪካ ልብስ የሚሰፋው በመስመር ነው። አንዷ ኮሌታ ብቻ ትሰፋለች፤ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች፤ ሦስተኛዋ ቁልፍ ትተክላለች። በሰዓት ይህን ያህል ቁራጭ የሚል ኮታም አለ። ኮሌታውን የሰፋችው ልጅ ሸሚዙ አልቆ ሲታጠፍ አታየውም።

እንዲህ ስትሠራ የምትውል ልጅ በዕረፍት ቀኗ ኬክ ስታስውብ ለምን ፊቷ እንደሚፈታ መገመት አያስቸግርም። እንቁላሉን የሰበረችው እሷ ናት፤ ዱቄቱን የነፋችው፣ ክሬሙን የመታችው፣ የመጨረሻዋን ቅጠል ያስቀመጠችውም እሷው ናት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የራሷ የሆነ አንድ ሙሉ ነገር ትሠራለች። ሰዓት የሚቆጥርባት የለም፤ ቢበላሽም የምትጠየቅበት አለቃ የለም። ተማሪዋም፣ የቢሮ ሠራተኛዋም፣ የቤት እመቤቷም ከዚህ ሥራ የሚያገኙት ደስታ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ችግሩ ኮታው ቀስ ብሎ ቤት ሲገባ ይጀምራል። የመጀመሪያውን ኬክ ለእናቷ ትሠራለች፤ “እጅሽ ይባረክ” ትባላለች። ቀጥሎ አክስቷ ለዒድ አንድ ያዝዛሉ። የወንድሟ አማቾችም ይሰማሉ። ለጎረቤት ሲሠራ ለሌላው ጎረቤት መቅረቱ ያስቀይማል። ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ቅቤውና ስለ ስኳሩ ዋጋ ግን የሚያነሳ የለም፤ “ለአንቺ እኮ ቀላል ነው” ተብሎ ይታለፋል። የሀገራችን የመጀመሪያው ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚሁ አጠገባችን ወንጂ ላይ ነው፤ የሸንኮራ ማሳ ጎረቤት መሆን ግን ስኳር በነጻ አያስገኝም።

“ለምን አትሸጪውም?” የሚሉም አሉ። ምክሩ ለአንዳንዷ ይጠቅማል። ለሌላዋ ግን ኬኩ የሚወደደው የማይሸጥ በመሆኑ ነው። ምርጫው የእሷ ይሁን።

መሐሉ ለምን ሰመጠ?

ብዙ ጀማሪዎች ኬክ የሚማሩት ከዩቲዩብ ነው። እዚያ የሚገኙት አብዛኞቹ መመሪያዎች ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ የተዘጋጁ ናቸው። አዳማ ከአዲስ አበባ አንጻር ቆላ ብትመስልም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በሊጡ ውስጥ ያለው አየርም ቶሎ ይነፋል። ኬኩ ሳይበስል ከፍ ይልና መሐሉ ይሰምጣል። “አልሆነልሽም” የተባለችው ልጅ ብዙ ጊዜ ያጠፋችው ነገር የለም፤ መመሪያው ለሌላ ቦታ የተጻፈ ነው።

መላው ቀላል ነው። መመሪያው አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ካለ ከማንኪያው ከስምንተኛ እስከ ሩብ ያህሉን ቀንሱ። ከአንድ ኩባያ ስኳር አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል አጉድሉ። ለአንድ ኩባያ ፈሳሽ ደግሞ ከሁለት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። መተሐራ ያለች ዘመዳችሁ ከ1000 ሜትር በታች ስለሆነች ይህን ያህል ማስተካከል አያስፈልጋትም፤ የሻሸመኔዋ ግን ከአዳማም ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናትና ትንሽ ትጨምር።

ሌላው ፈተና ሙቀቱ ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ለስልሶ ቅርጹን ይለቃል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት ስለሚቀድም በእነዚህ ዓመታት በየካቲትና በመጋቢት እየዋለ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ይህ የሙቀት ወቅት ነው። ስለዚህ ከቅቤው ገሚሱን ሙቀት በሚችል የአትክልት ቅቤ መተካት፣ ኬኩን መጀመሪያ በስስ ክሬም ቀብቶ ማቀዝቀዝ፣ ዋናውን ጌጥ ደግሞ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል መሥራት ይሻላል።

መብራት ሲጠፋስ? የኦቨኑን በር አለመክፈት ነው፤ ሙቀቱ እስኪመለስ ድረስ ይቆያል። ኬኩ በስሎ ከተሰነጠቀ ወይም መሐሉ ከሰመጠ አይጣልም። ተፈርፍሮ በብርጭቆ ከክሬምና ከሙዝ ጋር ሲደራረብ ለኢፍጣር የሚቀርብ ጣፋጭ ይወጣዋል። ምግብ እንዳይባክን መጠንቀቅም የጾሙ አንድ ትምህርት ነው።

በባጃጅ ለሚሄድ ኬክ ደግሞ ጭን አይታመንም። ጭን ያዘነብላል፤ ኬኩም አብሮ ያዘነብላል። ካርቶኑን ወለሉ ላይ ማስቀመጥና በእግር ደገፍ ማድረግ ይሻላል። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፎቁን ለየብቻ ወስዶ እዚያው መደራረብም ከብዙ ድንጋጤ ያድናል።

ጾመኛዋ ክሬሙን እንዴት ትቅመስ?

በጾም ቀን ክሬም የምትመታ ሴት ስኳሩ በዝቶ እንደሆነ ለማወቅ ትቸገራለች። ዑለማዎች በዚህ ጉዳይ ከኢብን አባስ (ረ.ዐ.) የተላለፈውን ያነሳሉ፤ ወደ ጉሮሮ እስካልወረደ ድረስ ጾመኛ ምግብ በምላሱ ቢቀምስ ችግር እንደሌለው። ብዙዎቹ ግን ይህን የሚሉት ለሚያስፈልግ ጉዳይ ነው፤ ያለ ምክንያት መቅመስን አይወዱትም። ኬክ ደግሞ እንደ ወጥ በግምት የሚሠራ አይደለም፤ በሚዛን የሚሠራ ነው። በትክክል የለካች ሴት ሳትቀምስ ልትጨርስ ትችላለች። የቀረውን ጥርጣሬ ከመግሪብ በኋላ ታረጋግጣለች።

ከጣዕሙ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከሚገዛው ዕቃ ነው። ለጌጥ የሚውሉ አንዳንድ ማርጠቢያዎችና ከረሜላዎች ጀላቲን አለባቸው፤ ጀላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ስለሚሠራ ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ማየት ግድ ነው። ፈሳሽ የቫኒላ ጭማቂ ብዙ ጊዜ በአልኮል የተዘጋጀ ነው፤ የዱቄት ቫኒላ ወይም አልኮል የሌለበት መሆኑ የተጻፈበት ይገዛል። ቀይ ቀለም ላይ ኢ-120 የሚል ካያችሁ ከነፍሳት የሚወጣ ቀለም ነው፤ ዑለማዎች የሚለያዩበት ስለሆነ ብዙዎች ይተዉታል።

በመጥበሻ ማስቀመጫው ኦቨን

ኬክ በሚያስውቡ ሙስሊም ሴቶች ዘንድ የናዲያ ሁሴን ታሪክ ይወሳል። ናዲያ ወላጆቿ ከባንግላዴሽ የሄዱ፣ እንግሊዝ አገር ሉተን ከተማ ያደገች ናት። በእናቷ ቤት ኬክ መጋገር ልማድ አልነበረም፤ ኦቨኑ የመጥበሻ ማስቀመጫ ነበር። መጋገርን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው። ሦስት ልጆች ከወለደች በኋላ በባለቤቷ አበረታችነት በብሪታንያ ዝነኛው የቴሌቪዥን የኬክ ውድድር ላይ ቀረበች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 አሸነፈች። ለመጨረሻው ዙር የሠራችው የሠርግ ኬክ ነበር፤ በራሷ ሠርግ ኬክ አልነበረምና የሠርጓን ጌጣ ጌጦች ኬኩ ላይ አዋለቻቸው። በዓመቱ የንግሥት ኤልሳቤጥን 90ኛ ዓመት የልደት ኬክ እንድትሠራ ተጠየቀች።

ብዙዎቻችን ከዚህ ታሪክ ዝናውን እናስታውሳለን። ከዝናው በፊት ግን አንድ ሰው “ሞክሪ” ብሏታል። ለሷ ጊዜ ሰጥቷታል እንጂ ዝርዝር አላስያዛትም። የእኛ ቤት ባለሙያ የምትፈልገውም ይህንኑ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የዒድ ኬክ ሥራ የሚበዛው ለይለቱል ቀድር በምትፈለግባቸው በመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እነዚህ ሌሊቶች ሲገቡ ወገባቸውን ጠበቅ አድርገው ሌሊቱን በዒባዳ ያነጉ ነበር፤ ቤተሰባቸውንም ይቀሰቅሱ ነበር። ቤተሰብ ሲባል ኦቨኑ ፊት የቆመችውም አለችበት። ቀን ፋብሪካ ውላ፣ ኢፍጣር አቅርባ፣ ሌሊቱን አምስት ኬክ ስትቀባ የምታነጋ ልጅ ለዱዓ የሚሆን አቅም ከየት ታመጣለች? በረካ የሚፈለግበትን ሌሊት በትዕዛዝ ከሞላንባት፣ በማግስቱ የምናመሰግናት ምስጋና አይክሳትም።

ስለዚህ ሥራውን ቀድሞ መከፋፈል ያስፈልጋል። ያልተቀባ ኬክ በላስቲክ በደንብ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። በወሩ አጋማሽ ይጋገርና ይቀመጥ። መብራት ቢጠፋም ሙሉ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ለሁለት ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ለዒድ ዋዜማ የሚቀረው መቀባቱ ብቻ ነው።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ለመላው ዘመድ አንድ ኬክ ይብቃ፤ በየቤቱ አንድ አንድ አይጠየቅ። ያዘዘ ሰው ዱቄቱንና እንቁላሉን ይዞ ይምጣ። ወንድሞችም ዕቃ ያጥቡ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ሲሆኑ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። በየኬክ ቤቱ ክሬም የሚቀቡት ወንዶች ጥቂት አይደሉምና ወንድ ልጅ የክሬም መጭመቂያ ቢይዝ የሚያስገርም ነገር የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ “ዘንድሮ አልችልም” ስትል ቅሬታ አይያዝባት።

የዒድ ጠዋት ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። ዘካተል ፊጥር ከሶላት በፊት ለሚገባው ይደርሳል። ወደ ሶላት ከመወጣቱ በፊት ተምር በጎዶሎ ቁጥር ይበላል። ኬኩ የሚቆረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቢጣመምም ቢሰነጠቅም ይጣፍጣል። የመጀመሪያው ቁራሽ ለሠራችው ይሰጣት፤ ሁልጊዜ ስታድል ለራሷ ሳይደርሳት የምትቀር እሷ ናትና።

ረመዳን ከሪም።